የብርድ ስሞች

«ጫማሽስ ደህና ነው። ለሌሊቱ ምን ይዘሻል?»

ደባርቅ፣ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ በስካውትነት የተመደቡልን ሰው መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህን ነው። እኔ የጠበቅኩት ስለ ጉልበቴ እንዲጠይቁኝ ነበር፤ በቀን ስንት ሰዓት መራመድ እንደምችል፣ ገደል አጠገብ ስቆም ያዞረኝ እንደሆነ። ለእነዚህ መልስ ነበረኝ። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦን ስወጣ ስወርድ ከርሜያለሁ። ለሌሊቱ ግን ከተከራየሁት ስሊፒንግ ባግና ከአንድ ሹራብ በስተቀር የማሳያቸው ነገር አልነበረም። ስሊፒንግ ባጉን ተቀብለው በመዳፋቸው ጨመቅ ለቀቅ አደረጉት። አልነፋ አለ፤ እንደተጨመቀ ጠፍጥፎ ቀረ። «ገበያው ሳይበተን ሂጂና ጋቢ ግዢ፤ ወፈር ያለውን» አሉኝ።

ሦስት ነበርን፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼና እኔ፣ ሁላችንም ከአዲስ አበባ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ አየሩ ገደሉን እስከ ሥሩ ድረስ ያሳያል። ሰሜን ተራሮችን በእግር ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም ብለው የመከሩን ሰዎች እውነታቸውን ነው። የጠራ ሰማይ በሌሊት ምን እንደሚያመጣ ግን ማንም አልነገረንም።

መንገዳችን ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ አድርጎ፣ የቧሂትን ትከሻ ተሻግሮ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዶ፣ በአምቢቆ በኩል ራስ ዳሸን የሚወጣ ነው፤ ራስ ደጀንም ይሉታል። ደርሶ መልሱን በስምንት ቀን ልንጨርስ አሰብን። ከመነሣታችን በፊት በነበረው ምሽት ካርታውን ዘርግቼ ስሞቹን ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። ሳንቃ በር፣ እሜት ጎጎ፣ እናትዬ፣ ጨነቅ። ሰው ሲጨንቀው የሚጠራውን ሁሉ ተራራው ላይ ጽፎ የተወው ይመስላል።

ስካውታችን ስልሳን የሚጠጉ ይመስሉኛል። ባለበቅሎው ልጅ «አያ» ይላቸው ነበርና እኛም ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ «አያ» አልናቸው። ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ካልሲ በሌለው እግራቸው ላስቲክ ጫማ አጥልቀው ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄዱት። ሲረግጡ ኮቴያቸው አይሰማም። ድንጋይ አያንከባልሉም።

የመጀመሪያው ቀን ለእግር አይከብድም። መንገዱ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ወደ አስታው ጫካ ገባ ይልና ተመልሶ ዳር ላይ ያወጣል። እነዚህ ተራሮች የተሠሩት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ሆድ ፈልቶ በወጣ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው። ፍሳሹ በላይ በላዩ እየተነባበረ ቀዝቅዞ አለት ሆነ፤ የቀረውን ሥራ ዝናብና ወንዝ ሠሩት። ስለዚህ ገደሉ ሲታይ የግዙፍ ደረጃ መልክ አለው። ቋሚ ግድግዳ፣ ከሥሩ ሣር የበቀለበት ጠባብ መደርደሪያ፣ ከዚያ ሌላ ግድግዳ፤ እንዲህ እያለ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ አለ። በእግር ለሚሄድ ሰው የዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው። እዚህ አገር ላይ ቀጥ ያለ መንገድ የለም። ማዶ ያለውን ሸንተረር በእጅህ የምትነካው ይመስልሃል፤ ለመድረስ ግን ግማሽ ቀን መውረድ፣ ግማሽ ቀን መውጣት ነው።

ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ላይ ነው። እራት በልተን ደጅ እንደተቀመጥን ነፋስ ተነሣ፤ እጄን ብብቴ ሥር ከትቼ «ይሄ ውርጭ አይቻልም» አልኩ።

«ይኼ ቁር ነው ልጄ» አሉ አያ። «ውርጩ ግጭ ነው ያለው።»

ለእኔ ብርድ አንድ ቃል ነበር። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ ናት፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብለን ሥጋችንን በልተን፣ ደራርበን ለብሰን፣ መስኮት ዘግተን እናሳልፈዋለን። ብርድ ሲሄድ ሲመጣ የምናየው እንግዳ ነው። አያ ግን እንደ ጎረቤት በየስሙ ይጠሩታል፤ የቱ የት እንደሚያድር፣ የቱ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ያውቃሉ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ስሞቹን በየተራ በገላዬ ተማርኳቸው።

በማግሥቱ በጅንባር ፏፏቴ ዳር አለፍን። ወንዙ ከአፋፉ ተወርውሮ 500 ሜትር ያህል ይወድቃል፤ በታኅሣሥ ውኃው ቀጥኖ ስለነበር ነፋሱ መሀል ላይ ይበትነዋል፣ ታች ሲደርስ አላየሁትም። ከዚያ ወንዙን ተሻግረን አቀበቱን ያዝን።

አቀበቱ የሚያወጣበትን ቦታ እንዲሁ አልፌው ልሄድ አልችልም። ግጭ መንደር ነበር፤ ገብስ የሚታረስበት፣ ልጅ የሚያድግበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ነዋሪዎቹ ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017፣ ግጭ ከተነሣ በኋላ ነው። ሣሩ ተመልሷል። ጓሳው ጉልበት ይደርሳል፤ ጭላዳዎቹ ማሳ የነበረውን እየነጩ ይበላሉ። የዋልያው መኖሪያ መትረፍ ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም በድንጋይ ክምሮቹ መካከል ሳልፍ እግሬ ከበደኝ። አንዱ ቦታ ላይ ቤቱ ፈርሶ ሦስቱ ጉልቻዎች እንዳሉ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ተንጋዷል። አያ ጎንበስ ብለው የተንጋደደውን አስተካከሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ስለ መንደሩ ሌላ ቃል አልወጣቸውም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

የግጭ ካምፕ 3,600 ሜትር ላይ ነው። ዙሪያውን ጓሳና ጅብራ ብቻ። ጅብራ ለብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ሲያበዛ ይኖርና አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ አብቦ ዘሩን ከበተነ በኋላ ይሞታል። ሲመሽ የደረቁት ግንዶች ከሩቅ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስላሉ።

ፀሐይ ጠልቃ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሙቀቱ ከምድሩ ላይ ተጠራርጎ ሄደ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስና ደረቅ ነው፤ በበጋ ደግሞ ደመና የለም። ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ማታ ወደ ሰማይ ስትለቀው መልሶ የሚያለብሳት ነገር አታገኝም። ስለዚህ እዚህ ላይ ቀንና ሌሊት የሚለያዩትን ያህል በጋና ክረምት አይለያዩም። ምግብ አብሳያችን ምስሩን ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ጥዶ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ አልበስል ብሎት ሲያማርር ነበር። ውኃ በዚህ ከፍታ 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። «ይንተከተካል እንጂ አያበስልም» ይል ነበር፤ በትክክልም እንደዚያ ነው።

ያን ሌሊት ከስምንት ሰዓት በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብርድ ከላይ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ግን ከምድር ነው የሚመጣው፤ ዳሌዬንና ትከሻዬን፣ መሬት የነካውን ሁሉ ቀስ እያለ መጠጠው። ጋቢውን ከላይ ደርቤ ኩርምት ብዬ ቆየሁ፤ በኋላ ተነሥቼ ግማሹን ከሥሬ አነጠፍኩት። ያን ጊዜ ነው ለውጥ ያየሁት። ጋቢው ባይኖር ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ዛሬም አስባለሁ።

ሲነጋ ትንፋሻችን በድንኳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ነጭ ሆኖ ጋግሯል። ዚፑን ስከፍት እንደ ዱቄት አንገቴ ላይ ረገፈ። ደጅ ስወጣ መንገዱ አብጦ አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከአፈሩ ሥር እንደ ስፌት መርፌ የቀጠኑ የበረዶ ዘንጎች ጎን ለጎን ቆመው ጠጠሩንና አፈሩን ራሳቸው ላይ ተሸክመውታል። ስረግጣቸው እንደ ቆሎ ተንኮሻኮሹ። በየሌሊቱ አፈሩን እንዲህ ያነሡታል፣ በየጠዋቱ ቀልጠው ይጥሉታል፤ ተዳፋት ላይ ደግሞ በወደቀ ቁጥር ትንሽ ወደ ታች ይንሸራተታል። ተራራው በጣም ቀስ ብሎ የሚወርድ ነገር መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ተንበርክኬ ነው።

«ውርጭ ይኼ ነው» አሉ አያ ከኋላዬ።

ጥርሴ እየተንገጫገጨ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠየቅኳቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ እንዳዞሩ፣ «ትመጣለች» አሉኝ። ማን እንደምትመጣ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ።

ስለ እሜት ጎጎ ብዙ ተጽፏል፤ 3,926 ሜትር ላይ ሆኖ ሦስት በኩል ገደል የከበበው አፋፍ ነው፣ እውነትም ቃል ያሳጥራል። ከዚያ እናትዬን አልፈን ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተን ወደ ጨነቅ ወረድን። ጨነቅ አጠገብ ገደሉ ላይ አምስት ዋልያ አየን። አውራው ቀንዱን ወደ ኋላ ቆልምሞ አንዲት መዳፍ በማታህል ድንጋይ ላይ ቆሟል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ይህ እንስሳ ከእነዚህ ተራሮች በስተቀር በምድር ላይ ሌላ አገር የለውም፤ ቁጥሩም በቅርብ ዓመታት በጣም መንምኗል። አያ አውራውን በጣታቸው እያሳዩን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚናገሩት፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤት እንደገባ ሰው።

አሁን ወደ ቧሂት ልምጣ፤ ከጉዞው ሁሉ ይበልጥ የማስታውሰው እሱን ነውና።

ከጨነቅ የተነሣነው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤያለሁ። «ሳይሞቅሽ አውልቂ» አሉኝ አያ። እየተንቀጠቀጥኩ እንዴት አወልቃለሁ ብዬ ዝም አልኩ። አቀበቱ ወዲያው ይጀምራል፤ ኮረኮንች ነው፣ ከሥሩ ልቅ ጠጠር፣ አንድ እርምጃ ወጥተህ ግማሹን ትመለሳለህ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጀርባዬ በላብ ራሰ። ከውስጥ የለበስኩት የጥጥ ካናቴራ ነበር። ቆም ብዬ ማውለቅ ስንፍና መሰለኝና ቀጠልኩ፤ ከሌሎቹ ላለመቅረት እየተጣደፍኩ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል።

የተሻገርንበት ትከሻ 4,200 ሜትር ገደማ ነው፤ የቧሂት ጫፍ ከዚያም ከፍ ብሎ 4,430 ሜትር ይደርሳል። በበረዶ ዘመን በዚህ ተራራ ጎን ላይ የበረዶ ግግር ነበር፤ እየተንሸራተተ የገፋው የድንጋይ ክምር ዛሬም ይታያል። እኔ ግን ያን ሰዓት የታየኝ ማረፊያ ብቻ ነው። ነፋሱ ፊት ለፊት በሚመጣበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቦርሳዬን ከጀርባዬ አወረድኩ።

አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። መጀመሪያ ካናቴራው ጀርባዬ ላይ እንደ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ተለጠፈ። ከዚያ ጓንቴን አውልቄ የቦርሳዬን ዚፕ ልከፍት ስል ጣቶቼ እምቢ አሉ። አያቸዋለሁ፣ ግን የእኔ አይመስሉም። የዚፑን ጫፍ በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መካከል አስገብቼ ለመጭመቅ ሞከርኩ፤ ምንም የያዝኩት አልመሰለኝም፤ ሾልኮ ይወጣል። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ለባልደረባዬ «እርጂኝ» ልል ስል ቃሉ አፌ ውስጥ ተንከባለለ። ያስፈራኝ ያኔ ነው፤ ከእጄ ይልቅ ምላሴ።

አያ ቀድመው አይተውኛል። «ቆፈናት» አሉ ለልጁ። «በቅሎዋን ወዲህ አምጣት።»

ከትልቅ አለት ጀርባ፣ ነፋሱ የማይደርስበት ቦታ አስገቡኝ። ልጁ በቅሎዋን አጠገቤ አቁሞ አንገቷን አቀፈ። አያ የጭነቱን ገመድ ላላ አድርገው፣ ሁለት እጆቼን ይዘው፣ በኮርቻውና በበቅሎዋ ጀርባ መካከል አስገቧቸው። እዚያ ውስጥ ጨለማ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ይሞቃል። የበቅሎዋ ላብና የሱፉ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ ይመጣል። በመጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ሕመሙ መጣ፤ በየጣቱ ጫፍ መርፌ እንደሚወጋው ዓይነት፤ አለቀስኩ። «ደግ ነው፤ ካመመሽ ድነሻል» አሉኝ። ባልደረባዬ ጋቢውን እንደ መጋረጃ ይዛልኝ እርጥቡን ካናቴራ አወጣሁና ደረቅ ለበስኩ። አያ ከኮረጇቸው በሶ አውጥተው በፔርሙሱ ሙቅ ውኃ በጥብጠው ሰጡኝ፤ ኩባያውን ልጁ ነው ወደ አፌ ያስጠጋልኝ።

ቆፈን የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ስንደርስ እርሳስ መያዝ ሲያቅተን የምንለው ነበር። እዚያ አለት ጀርባ ግን ቃሉ ክብደት አገኘ። እርጥብ ጥጥ ሙቀትን ከገላ ይመጥጣል፣ ነፋስ ደግሞ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ይህን ከመጽሐፍ አውቄዋለሁ። «ሳይሞቅሽ አውልቂ» ያሉኝ ሰው ግን ሙሉውን ትምህርት በሁለት ቃል ሰጥተውኝ ነበር፤ ጆሮ አልሰጠኋቸውም።

በቧሂት ትከሻ ላይ ወደ ጃናሞራ የሚሄደው የመኪና መንገድ ያልፋል። እጄ ሲመለስልኝ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ወጣ። ከጭነቱ በላይ ሰዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ በነጠላና በጋቢ ተሸፋፍነው፣ አንዲት እናት ሕፃኗን ከጋቢው ውስጥ ደረቷ ላይ ታቅፋ። ያ ነፋስ እነሱን ደግሞ በላይ በላያቸው ይመታቸዋል። ጃናሞራ ውስጥ ደረስጌ አለች፤ በ1847 ዓ.ም. የካቲት ላይ ካሳ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት። ስለዚያ ውጊያ ስናነብ ስለ ጦሩ ብዛትና ስለ ንግሡ ነው የምናነበው። የዚያ ሁሉ ሠራዊት እግር ባዶ እንደነበር፣ ልብሱ ሸማ እንደነበር፣ በእነዚህ አቀበቶች ላይ ላቡ ጀርባው ላይ ሲቀዘቅዝ ምን ያደርግ እንደነበር አስቤ አላውቅም ነበር።

ከቧሂት ወደ መሸሃ ወንዝ ያለው ቁልቁለት 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ጉልበት የሚያውቀው ቁልቁለቱን ነው እንጂ አቀበቱን አይደለም፤ ጣቶቼ ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጩ፣ ዱላዬ ላይ ተደግፌ፣ አራት ሰዓት ወረድኩ። በየመቶ ሜትሩ አየሩ ይሞቃል። ጠዋት ለነፍሴ የፈራሁ ሰው ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ ፀሐይ ስሸሽ ጥላ ፈለግኩ። ከዚያ እንደገና አቀበት፣ እስከ አምቢቆ።

አምቢቆ ላይ ካምፓችን አጠገብ ያሉ አንዲት እናት ቡና ጠሩን። ቤቱ ክብ የድንጋይ ቤት ነው። በሩ ዝቅ ያለ፣ መስኮት የለውም። ዐይኔ ጨለማውን ሲለምድ በአንድ በኩል ሁለት ላሞችና ፍየሎች ታስረው አየሁ፤ በሌላው በኩል መደብ አለ፣ መሀል ላይ ምድጃ። የኩበቱ ጭስ ዐይን ያቃጥላል፤ ቤቱ ግን ይሞቃል። አራት ሌሊት ሙሉ ያጣሁት ሙቀት እዚያ ውስጥ ከከብቶቹ ትንፋሽ ጋር ተቀምጦ ነበር። ከብትና ሰው አንድ ጣራ ሥር ማደራቸው በጽሑፍ ላይ እንደ ድህነት ምልክት ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንድ ሌሊት ግጭ ላይ ያደረ ሰው እንደዚያ ብሎ አይጽፍም።

ስለ ብርዱ እያማረርን ሳለ ሴትዮዋ ተነሥተው ወጡና አንድ እፍኝ የገብስ ዛላ ይዘው ተመለሱ። ከበራፉ ብርሃን አጠገብ አስጠግተው አሳዩኝ። ፍሬ የያዘ ገብስ አንገቱን ይደፋል። ይኼ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ነጭ፣ ላባ የሚያህል ነው። በመዳፋቸው መካከል አሹትና እፍ አሉበት። ሁሉም በረረ። መዳፋቸው ላይ የቀሩት ሦስት ጭራሮ የሚመስሉ ፍሬዎች ናቸው።

«አመዳይ በላው» አሉኝ። «ገና ወተት ሳለ።»

«ስንት ቀን ቢወርድበት ነው?»

«አንዲት ሌሊት። በጥቅምት።»

አራተኛውን ስም ከእሳቸው ነው የተማርኩት። በዚያ ማሳ ላይ የሚበቅል ሌላ እህል የለም፤ በዚያ ከፍታ ገብስ ነው የሚችለው። የእኔ ብርድ ስምንት ሌሊት ነው፤ ሲያልቅ ተሳፍሬ እሄዳለሁ። የእሳቸው አንዲት ሌሊት ናት፤ እስከሚቀጥለው መኸር ድረስ አታልቅም። ቡናውን እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስ ጠጣን። ከተረፈው ገብስ የተጋገረ ቂጣም አቀረቡልን፤ እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ በላን፤ እያንዳንዱን ጉርሻ እያሰብኩ ነው የዋጥኩት።

ራስ ዳሸንን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተን ነው የወጣነው። በአገራችን ከሁሉ የሚበልጠው ከፍታ ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ። እዚያ ላይ አየሩ ለሳንባ የሚሰጠው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው 60 በመቶ እንኳ አይሞላም። አሥር እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ፣ ሃያ ጊዜ እተነፍሳለሁ፣ አሥር እርምጃ። ጨለማ ስለሆነ ከባትሪዬ ብርሃን ክብና ከአያ ተረከዝ በስተቀር የማየው የለም። የላስቲክ ጫማቸው ተረከዝ በአንድ በኩል ተበልቷል። ለአራት ሰዓት ያህል እሱን ተከትዬ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ሳይሞቀኝ አውልቄያለሁ፣ ስንቆም ከማረፌ በፊት ለብሻለሁ። የመጨረሻዋ ክፍል አለት ነች፤ በእጅም በእግርም ትወጣለች። እጆቼ ታዘዙኝ።

ጫፉ ላይ ብዙ አልቆየንም፤ ነፋሱ አያስቆምም። ዙሪያውን ጫፍ በጫፍ ላይ ነው፤ አንዱ ቅዱስ ያሬድ ይባላል። ዜማውን የሰጠን ሊቅ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከአክሱም ወጥቶ ዕድሜውን የጨረሰው በእነዚህ ተራሮች ውስጥ ነው ይላል ትውፊቱ። አያ ወደዚያ በኩል ዞረው ቆባቸውን አወለቁና አማተቡ። ነፋሱ ሽበታቸውን አቆመው። ቆባቸውን መልሰው ሲያጠልቁ «እንውረድ» አሉ።

የመልሱን መንገድ በሁለት ቀን ሄደን፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ጨነቅ አደርን። ሳይነጋ ነቃሁ። በዕቃ ማጠቢያው ሳፋ ያደረው ውኃ ጠጥሯል፤ ማንኪያ ውስጡ ቆሞ ቀርቷል። ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ አፋፉ ሄድኩ። አያና ባለበቅሎው ልጅ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ቦታ ለቀቁልኝ።

ጭላዳዎቹ ከገደሉ እየወጡ ነበር። ሌሊቱን የሚያድሩት ከታች፣ ነብር በማይደርስባቸው የአለት መደርደሪያዎች ላይ ተጣብቀው ነው። አንድ በአንድ በአፋፉ ላይ ብቅ ይላሉ፤ ሣር አይነጩም፣ ድምፅ አያሰሙም፣ ልጆቻቸውን ሆዳቸው ሥር እንደሸጎጡ ኩርምት ብለው ይቀመጣሉ። እነሱም እንደኛ ፊታቸው ወደ ቧሂት ነው።

ብርሃኑ መጀመሪያ በስተምዕራብ ያለው ሸንተረር ጫፍ ላይ አረፈ። ከዚያ መስመሩ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረ፤ ከጅብራ ወደ ጅብራ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ፣ ጥላውን ወደኛ እየገፋ። ማንም አልተናገረም። ከዳር ያለው አውራ ጭላዳ ጎፈር ላይ ደረሰ፤ ጎፈሩ ወርቅማ ሆነ። የበቅሎዋን ጆሮ ነካ። ከፊታችን ያለው ሣር ላይ ያለው ውርጭ አንድ ጊዜ አብረቀረቀና ውኃ ሆነ።

«መጣች» አልኩ።

አያ መልስ አልሰጡኝም። እግራቸውን ወደ ብርሃኑ ዘረጉ።